ከአልጋዬ ላይ ከሰስኩት

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ፤ ባለህበት ጤና ይስጥህ፤ እኛ ደህና ነን። እማዬ የቀሚሴን ቁልፍ ሳይቀር ትቆልፍልኛለች።

የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት፣ የጨርቅ መቁረጫው ማሽን ቀኝ እጄን ሲጎዳኝ፣ «ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው፤ የት ትደርሻለሽ?» ብሎ አባረረኝ። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሳ በስልኬ ከሰስኩት።

ትናንት ችሎቱ በስልክ ቪዲዮ ተሰየመና ፊት ለፊት ተያየን። ዳኛዋ «የማሽኑን የእጅ መከለያ ማን ነቀለው?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ «እኔ» አለ።

«አልተሰማኝም፣ ይድገምልኝ» አልኩ። ሲደግመው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወደ ሥራዋ ይመልሳት ተብሎ ተፈረደበት። እንግዲህ በየቀኑ ፊቴን እያየ ይረር። ዳኛዋ «መቼ ትጀምሪያለሽ?» ሲሉኝ ግን ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ጽሑፌ ቢንጋደድ አትታዘበኝ፤ ግራ እጄ ገና እየለመደ ነው። ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

እህትህ