ከመጋረጃው ወዲህ

መጋቢት 10 ቀን 1995፣ ረቡዕ

ካርቱም ውስጥ ካለ ሐበሻ ሁሉ እንደ እኔ አማርኛ የሚያነብ የለም። እሺ... ጀሪፍ ውስጥ። እሺ፣ ከማታው ክፍል። ከማታው ክፍልም ዓባይ አለ፤ ግን እሱ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አይቆጠርም።

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። እትዬ ጸሐይወርቅ "ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ በቀን ሁለት መስመር ጻፉ" ብለውን ነው። አገር ቤት ነርስ ነበሩ። እዚህም ክሊኒክ ይሠራሉ፤ ሲመሽ ደግሞ እኛን ጎልማሶቹን ፊደል ያስቆጥሩናል።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዐሥራ አንዱን ያሳለፍኩት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ መክወጂ ቤት፣ የሰው ልብስ ስተኩስ ነው። የሸሚዝ አንገት ላይ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር "አንድ ቀን አነብሃለሁ" እለው ነበር። አሁን ማንበብ ቻልኩ። አማርኛ የተጻፈበት ሸሚዝ ግን ካርቱም ውስጥ የለም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

እትዬ ጸሐይወርቅ ከክፍል በኋላ ብቻዬን አስቀሩኝ። በእጃቸው የጻፉት ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ስለ ጡት ካንሰር! ሴት ራሷን በጣቷ እንዴት እንደምትመረምር። ነገ ጎረቤቴ ሐጃ ሉጥፊያ ቤት ለሚሰበሰቡ ሴቶች ሊያነቡላቸው ነበር፤ ክሊኒኩ ተራ ቀየረባቸው። ሴቶቹ በየሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፣ ዓርብ ካለፈ አይገኙም።

"ከመካከላቸው ማንበብ የምትችል የለችም። አንተ ደግሞ ጎረቤት ነህ።"

"እኔ? ስለ ጡት?"

"መጋረጃ ይጋረዳል። አንተ ውጭ ሆነህ ታነባለህ፣ እነሱ ውስጥ ሆነው እየሰሙ ይዳስሳሉ። ግን ስማኝ ማዘንጊያ። ያቃተህ ቃል ካለ አትዝለል፣ አትገምት። 'ይህን አልቻልኩም፣ ሳምንት ጸሐይወርቅ ትመልሳለች' በል። ነውር የለውም።"

"እትዬ፣ እኔን የሚያቅተኝ ቃል ገና አልተጻፈም" አልኳቸው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ጀላቢያዬን ራሴ ተኩሼ ሄድኩ። ዝንብ የሚያንሸራትት አድርጌ ነው የተኮስኩት። ሙቀቱ ደግሞ... ግቢው መካከል ያለው ኒም ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም። ሐጃ ሉጥፊያ በሩ ላይ አንሶላ ጋርደው እኔን ውጭ፣ ረኩባው፣ የሣር ዳሱ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ውስጥ ሃያ ሴት ይሆናሉ። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው። ሳቃቸው ብቻ ይሰማል።

"ኡስታዝ፣ ዓይንህን ጨፍነህ አንብብ!" አለች አንዷ። ሙሚና ናት፣ ድምጿን አውቀዋለሁ።

"ጨፍኜም አነባለሁ" አልኩ።

ኡስታዝ። እዚህ አገር የተማረ ሰው ነው እንዲህ የሚባለው። ቀልዷን እንደሆነ ገብቶኛል... ቢሆንም።

የመጀመሪያውን ገጽ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ሁለተኛውን አላየሁትም፤ ያው ነው ብዬ። "ከብብት ጀምሩ" የሚለው ላይ ብ... ብ... ብ... ብዬ ቆምኩ።

"መኪናው አልነሳ አለ!" አለች ሙሚና።

"ያላ፣ ግፉት!" አሉ ሌሎቹ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ግን ዝም አሉ። ሦስቱን ጣት አጋጥሙ ስል ዝም። እየዞራችሁ ዳስሱ ስል የለበሱት ቶብ ሲንሿሿ ሰማሁ። ሃያ ሴት በእኔ ድምፅ! እንደዛሬ ተደምጬ አላውቅም።

አንዷ መጋረጃው ጥግ መሰለኝ የተቀመጠችው። ቀስ ብላ፣ "ኡስታዝ... የሚደነድን ነገር ቢኖርና ባያምስ? ምን ይላል?" አለች።

መልሱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ልገልጠው ስል ነፋስ መጣና ወረቀቱን ከእጄ መንትፎ በአጥሩ ላይ ወሰደው! ምን ላድርግ? ሁሉም ይጠብቃሉ። "ካላመመ ምንም አይደለም ይላል" አልኩ። በሽታ ማለት የሚያም ነው እንጂ... አይደለም እንዴ?

"አልሐምዱሊላህ" አለች። የተነፈሰችው ትንፋሽ አንሶላውን አልፎ ተሰማኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ወረቀቱን አጥር ሥር አገኘሁት። መክወጂ ቤት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የእትዬ ጸሐይወርቅ የእጅ ጽሕፈት እንደ መጽሐፍ ፊደል አይደለም፤ አንዱ ካንዱ ይያያዛል። አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ሸሚዝ ላይ ካውያ ረስቼ ነበር፣ ሽታው ነው ያነቃኝ።

እንዲህ ይላል፦ "እብጠቱ ባያምም ችላ አትበሉት። ብዙ ጊዜ ሲጀምር አያምም። ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።"

አራት ጊዜ አነበብኩት። በአራቱም ያው ነው።

መጋቢት 16

ነገ እናገራለሁ።

መጋቢት 17

ነገ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

እትዬ ጸሐይወርቅ ክፍል ሳልገባ ያዙኝ። "ንባቡ እንዴት ነበር?"

"ማር ነበር።"

"ሁለቱንም ገጽ?"

"ሁለቱንም።"

"ጥያቄ አልጠየቁም?"

"ሁሉም ገብቷቸዋል እትዬ።"

"ጎበዝ!" ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ሊናገር። ምን ዘጋው? "ጎበዝ" የሚለው ቃል ነው የዘጋው። እንኳን በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጅ ሆኜም ማንም ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ብልሃት አገኘሁ ብዬ ነበር። የሴትዮዋን ፊት አላየሁም፣ ድምጿን ግን አውቃለሁ። የተተኮሰ ልብስ ለማድረስ አል-ጣኢፍ ሰፈር እሄድ የለ? ሠራተኞቹ ደግሞ የኛው ልጆች ናቸው። በየበሩ ቀልድ ጣል እያደረግሁ አናግራቸዋለሁ፤ ድምጿን ስሰማ ለብቻዋ ሹክ እላታለሁ። ማንም ሳያውቅ።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዞርኩ። አንዷ ብረት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ሸሚዙን ስጠኝና ሂድ። መዳሟ እያየችኝ ነው፣ ባል ሊመስላት ነው" አለችኝ። ሌላዋ ጭራሽ አላናገረችኝም፤ እጇን ብቻ አወጣች።

በሀፍላ፣ በአውቶቡሱ ስመለስ መስኮቱ ላይ ፊቴን አየሁት። አንድ ሰው ለማትረፍ በር ለበር ይዞራል? የምዞረው እሷን ላተርፍ ነው ወይስ ስሜን?

መጋቢት 30

እስካሁን ብትሄድስ? ምናልባት ሌላ ሰው ነግሯት ይሆናል። ምናልባት እብጠትም አልነበረም፣ ለመጠየቅ ያህል ነው የጠየቀችው...

እንዲህ እያልኩ እተኛለሁ። እንቅልፍ ግን አይወስደኝም።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ሐጃ ሉጥፊያ ቤት ሄድኩ። "መጋረጃውን ይጋርዱልኝ" አልኳቸው።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልታነብ ነው?"

"ማንበብ አይደለም። የምናገረው አለኝ።"

አንሶላው ተጋረደ። ጥሩ ነው፣ ፊታቸውን ብቆም አልችልም ነበር። "ያን ጊዜ ካላመመ ምንም አይደለም ይላል ያልኳችሁ... ወረቀቱ እንዲያ አይልም። ከራሴ ነው። ወረቀቱ የሚለው ባያምም ቶሎ ሂዱ ነው" አልኩ።

የሙሚና ሳቅ እንኳ የለም። እኔ ሰው ሲስቅብኝ የምፈራ ይመስለኝ ነበር...

"ነፋስ ገጹን ወስዶብኝ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ታዲያ ነፋስ ወሰደብኝ አትልም ነበር?" አለች ሙሚና።

ሐጃ ሉጥፊያ አንሶላውን ገልጠው ወጡ። "አንተ ሰውዬ! የጠየቀችህ ረሺዳ ናት። አል-ጣኢፍ እዚያው ሰው ቤት ነው የምታድረው፤ በወር አንዴ ነው የምትወጣው። ለጨዋታ የምትጠይቅ ልጅ መሰለችህ?"

"አብረን እንሂድ" አልኳቸው።

"በግድህ ነዋ የምትሄደው! ያበላሸኸውን አፍህ ይመልሰው።"

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ረሺዳ እጇን በቶቧ እየጠረገች በሩን ከፈተችልን። ሠላሳ ቢሆናት ነው። ፊቷን ዛሬ ነው ያየሁት። ሐጃን ስማ ወደ እኔ ዞረች።

"እርስዎስ ማን ኖት?" አለች። ያችው ድምፅ ናት።

"ያነበበልሽ ነው" አሉ ሐጃ።

"ኡስታዝ!" አለችና ፊቷ በራ። "እኔ እኮ ስመርቅዎት ነው የከረምኩት። መዳሟ ሐኪም ላሳይሽ ብላኝ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። አይ፣ የተማረ ሰው ከወረቀት አንብቦ ነግሮኛል፣ ካላመመ ምንም አይደለም ብዬ መለስኳት።"

የተማረ ሰው።

ነገርኳት። እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም። መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ የበሩ ደፍ ላይ ነጭ ጫማ ነበር፣ የልጅ። እጇ ወደ ግራ ጡቷ ሊሄድ ሲል መንገድ ላይ ቆመ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ?" አለች።

ይህን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ዓርብ እስከ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀን ነው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሐጃ ሁሉን ነግረዋቸው እትዬ ጸሐይወርቅ ከመዳሟ ጋር ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታል ወሰዷት። በመርፌ ናሙና ተወስዷል።

ማታ ክፍል ገባሁ። እትዬ ጸሐይወርቅ ጠመኔውን አስቀመጡና፣ "ነውር የለውም ብዬህ ነበር" አሉ። ትምህርቱን ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 19

ፋሲካ። ዓባይ ቀልድ አምጣ አለኝ። አጣሁ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ውጤቱ መጥቶ ነበር። እሱው ነው። ትናንት ቀዶ ጥገና አደረጉላት። ጡቷን አነሱት።

"ሃያ ሦስቱ ቀን ነው?" ብዬ እትዬ ጸሐይወርቅን ጠየቅኋቸው። አይደለም እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት።

"አላውቅም ማዘንጊያ። ማንም አያውቅም። ዓመት ብትቆይ ኖሮ ግን አውቅ ነበር።"

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ረሺዳ ያረፈችው ሐጃ ሉጥፊያ ቤት ነው። ገና ብዙ ሕክምና ይቀራታል፤ ሐኪሙ ግን ተስፋ አለ ብሏል። ሐጃ ጠዋት አስጠሩኝ። ከጀሪፍ ወዲያ ማዶ ያሉ አዲስ ሴቶች መጥተዋል።

"አንብብላቸው።"

"እኔ? ሌላ ሰው..."

"አንተ ነህ የምታነበው። ረሺዳ ናት ያለችው።"

ያው አንሶላ፣ ያው በርጩማ። ሁለቱንም ገጽ አነበብኩ። ቀስ ብዬ። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ፈሳሽ" የሚለው ቃል ያዘኝ። ፈ... ሳ...

"ግፉት!" አለች ሙሚና፣ እንደ ልማዷ።

"ተይው፣ ይቁጠር" አለች ከውስጥ ረሺዳ። "ቆጥሮ ይድረስ።"

ቆጥሬ ደረስኩ። አንዷ እንግዳ በብብቷ ሥር ስላለ ነገር ጠየቀች። "ወረቀቱ ይህን አይልም፣ እኔም አላውቅም። እሑድ እትዬ ጸሐይወርቅ ጋ ሐጃ ይወስዱሻል" አልኩ። "እሺ" አለች። አላውቅም ማለት ይኸው ነው? ይህን ያህል ቀላል ነበር?

ልሄድ ስነሳ ረሺዳ አንሶላው ጥግ መጣች። ያኔ የነበረችበት ቦታ።

"ኡስታዝ።"

"እንደሱ አትበይኝ።"

"በእርስዎ አልተቀየምኩም። ወላሂ ነው የምልዎት። ነፋስ ነው። ሰው በነፋስ ይቀየማል?"

ቤት መጥቼ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። መጋቢት 12። ከላይ "ኒም ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም" ብያለሁ። ዝቅ ብሎ "ነፋስ መጣ"። ሁለቱም የእኔው እጅ ጽሕፈት ነው። ለራሴ ብቻ በምጽፈው ደብተር ማንን ነበር የማታልለው?

ሳምንት ይህን ገጽ ይዤ እሄዳለሁ። መጋረጃ አያስፈልግም፤ ፊቷን እያየሁ አነብላታለሁ። ሳነብ እንዳያደናቅፈኝ ከዚህ በታች ያለውን በትልልቁ ልጻፈው።

ረሺዳ፣ ያን ዕለት ነፋስ አልነበረም። ሁለተኛው ገጽ ከእጄ አልወጣም። ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የመጀመሪያው ቃል አቃተኝ። "ግፉት" እንዳትሉኝ ፈራሁ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።