አንዴ ብቻ ጠይቀው ለተዉን ለወይዘሮ ኦርሊ

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦርሊ
በትምህርት ቤታችን የፈጠራና የወደፊቱ ትምህርት ረካዜት (አስተባባሪ)
አሽቀሎን

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ወር ቢሮዎ ውስጥ የተገጠመውን የአዲሱን አየር ማቀዝቀዣ ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ማን እንደሆንሁ ላያስታውሱ ስለሚችሉ፣ ሁለተኛውን ፎቅ የማጸዳው ሴት ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «ቦከር ቶቭ»፣ እንደምን አደሩ፣ ስንባባል ኖረናል፤ በትክክል ለመናገር እኔ እላለሁ፣ እርስዎም ስልክዎን እያዩ ያልፋሉ።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። በዕብራይስጥም መጻፍ አያቅተኝም፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ በር ላይ በሰባት ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያሰቀሉት እርስዎ ነዎት፤ አማርኛውም ከታች በኩል አለ፤ እኔም የተጻፈ ነገር ስለማምን አመንሁት። በሺምሾን ሰፈር የሚያነብልዎ ሰው አያጡም። የሰባተኛው ቡድን ማሽን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮማ ይህን ጊዜ ወንበርዎ ላይ ተደግፈው ደብዳቤዬን በጆሮዎ ይሰሙት ነበር። ወደዚያ እደርሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ባለፉት አምስት ሳምንታት እርስዎ ባልሠሩት ሥራ እኔ ብዙ ተምሬአለሁ። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን፣ እርስዎ ሰነድ ሲጻፍ እንደሚወዱት፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. ስለ ባዶው መስመር።

«የወደፊቱ ትምህርት ቤት» የሚለውን ሥራ ለስምንተኛ ክፍል ሲያስጀምሩ፣ ልጆቹ አራት አራት እየሆኑ አንድ የቴክኖሎጂ ሐሳብ እንዲያስቡና በዳኞች ፊት እንዲያቀርቡ፣ የተመረጡትም በባሕሩ ዳር በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ወደሚደረገው የከተማው ትርኢት እንዲሄዱ አዘዙ። ለየቡድኑም አንድ ክፍልና አንድ አዋቂ መሪ መደቡ። ድልድሉ የተጻፈበት ወረቀት እኔ ዘንድ ይገኛል፤ ከቅርጫት ነው ያነሳሁት። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከተጣለ ወረቀት ላይ ነው፤ ዕብራይስጡንም እንደዚያው፤ ስለዚህ እርስዎ የሚጥሉትን ሁሉ በአክብሮት አነባለሁ። በሰባተኛው ቡድን አንጻር ቦታው «ኮሪደር፣ ሁለተኛ ፎቅ» ይላል፤ የመሪው ስም ደግሞ «በኋላ ይሞላል» ይላል።

ኮሪደሩ የእኔ ዕቃ ቤት በር ነው። አራቱ ልጆች፣ ኦሪያን፣ ኔታኔል፣ ሞርና ካሪን፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ወረቀት እየጠቀለሉ ሲወራወሩበት ሰነበቱ፤ እኔም ስለቅም ሰነበትሁ። በሁለተኛው ሳምንት ኔታኔል «ዶዳ (አክስቴ)፣ የወደፊቱ ትምህርት ቤት ምን ይኖረው ይመስልሻል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ያም ትምህርት ቤት ቢሆን የሚያጸዳው ሰው ያስፈልገው እንደሆነ መልሼ ጠየቅሁት። «ሮቦት ያጸዳዋል» አለ። ሮቦቱንስ ማን ያጸዳዋል ስለው፣ ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ የያዘውን የተጠቀለለ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጨመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶው መስመር ተሞላ። መስመሩን ባዶ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ሐሳቡ።

ሐሳቡ የኦሪያን ነው። ኦሪያን ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሲጠሯት እንኳ «እኔን ነው?» የምትል ልጅ ናት። አያቷ እማማ አማረች ባለፈው ዓመት ለወላጆች ስብሰባ መጥተው ሃያ ደቂቃ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው ሄዱ፤ ከተነገራቸው ውስጥ የገባቸው የልጅቱ ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ ቡድኑ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆም አንድ ሣጥን አሰበ፤ ወላጅ በአማርኛ ይናገራል፣ መምህሩ በዕብራይስጥ ይሰማል፤ መምህሩ በዕብራይስጥ ይናገራል፣ ወላጅ በቋንቋው ይሰማል። የካሪን አያት በሩስኛ፣ የሞር አያት በሞሮኮ ዐረብኛ እንዲናገሩበትም ታስቧል።

እዚህ ላይ የኔታኔልን መሥዋዕትነት ሳልጠቅስ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ኔታኔል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ለእናቱ የሚያስተረጉመው እሱ ራሱ ነበር። ራሱ እንደነገረን፣ መምህሩ «ልጅሽ አይቀመጥም፣ ይረብሻል፣ የቤት ሥራ አይሠራም» ሲሉ፣ እሱ «እማ፣ ንቁ ልጅ ነው እያሉሽ ነው» ይላል፤ እናቱም መምህሩን ይመርቃሉ። ይህ ልጅ ሰባት ዓመት የኖረበትን ጥቅም በገዛ እጁ የሚያጠፋ ማሽን ለመሥራት ተስማማ። በእርስዎ የነጥብ ወረቀት ላይ ለዚህ የተመደበ ነጥብ ፈልጌ አጣሁ።

ሣጥኑንም ከካርቶን ሠርተው፣ ውስጡ ስልክ አስቀምጠው፣ በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ለሽማግሌዎች ሞከሩት። አባባ ይግዛው የሚባሉ አንድ አዛውንት ሣጥኑ «እባክዎ መልእክትዎን ይናገሩ» ሲላቸው ተቆጡ። «ምን ዓይነት ያልተቀጣ ሣጥን ነው! መጀመሪያ እንዴት አደሩ ይበለኝ እንጂ!» አሉ። ልጆቹም በዚያው ቀን አስተካከሉት፤ አሁን ሣጥኑ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ጉልበት ከጠየቀ በኋላ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። እኔም የዚህን ደብዳቤ አጀማመር የተማርሁት ከሣጥኑ ነው።

፫. ስለ ፎቶግራፉ።

በአራተኛው ሳምንት መጥተው፣ ለአራት ደቂቃ ቆመው፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተው ሄዱ። በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይም «አስተባባሪያችን ሰባተኛውን ቡድን ሲመሩ» በሚል ጽሑፍ ወጣ። ፎቶው በጣም ያምራል፤ የእኔም ባልዲ በግራ በኩል በግማሽ ታይቷል። ስለ ባልዲው አመሰግናለሁ።

፬. ስለ ጥፋቴ።

ይህኛው ቅሬታ በእኔ ላይ ነው።

ልጆቹን ለማጼጌቱ፣ ማለትም በዳኞች ፊት ለሚያቀርቡት ትዕይንት፣ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ስላይድ ነበራቸው፤ ስድስት እስኪሆን ድረስ አስቀነስኋቸው። ማሽኑ ለማን እንደሆነ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ፣ አንዱ ሲናገር ሦስቱ ዝም እንዲሉ፣ ኦሪያንም ድምፅዋ ከኮሪደሩ ጫፍ እስኪሰማኝ ድረስ ደግማ ደጋግማ እንድትናገር አደረግሁ። ልጅቱ በመጨረሻው ቀን ስትናገር ከታችኛው ፎቅ «ማን ነው የሚጮኸው?» ተባለ፤ እኔም ደስ አለኝ። በዚህ ብቻ ባቆም ኖሮ ደህና ነበር።

ነገር ግን ልጆቹ ያዩትን የሚነጥቁ ሆነው አገኘኋቸውና፣ ትንሽ ወግ ላስተምራቸው ብዬ አሰብሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ብላ ሲሉት ዘሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ሲጠየቅ «በልቻለሁ» ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ «የእውነቴን ነው፣ አይቸገሩ» ይላል። ሦስተኛ ሲጠየቅ ይቀመጣል፤ ያስቀመጠውም ደስ ይለዋል። ይህን በባፍላ ብስኩት አለማመድኋቸው። ሞር እጇን ከፓኮው ለማራቅ አንድ ሙሉ ፓኮ ፈጀባት፤ በመጨረሻ ግን «አይ እትዬ፣ ጠግቤአለሁ» ስትል ጎንደር የተወለደች ትመስል ነበር። ኦሪያን ግን ማስተማር እንኳ አላስፈለጋትም፤ አያቷ ያሳደጓት ልጅ ናት።

ልጆቹ ያቀረቡበትን የማክሰኞውን ዕለት ያስታውሱታል። ቤተ መጻሕፍቱ የቦምብ መጠለያም ስለሆነ መስኮት የለውም፤ ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ እኔም አንዱ ቡድን ያፈሰሰውን ጭማቂ ለመጥረግ ገብቼ ከኋላ ቆሜ ነበር። ልጆቹ አሳመሩት። ሁለቱ እንግዳ ዳኞች አጨበጨቡ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ወደ ከተማው ትርኢት መሄድ ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ኦሪያን መሬት መሬት እያየች «ሎ፣ ቶዳ (አይ፣ አመሰግናለሁ)፣ ከእኛ የሚበልጡ አሉ» አለች። ከዚያም ቀና ብላ ከኋላ እኔን ፈለገችኝ፤ «እንዳስተማርሽኝ አልሁ ወይ?» በሚል ዓይን።

እኔም በኩራት ራሴን ነቀነቅሁላት።

እርስዎ «ኮል ሀካቮድ (ጎበዝ)፣ ሐቀኛ ልጅ» ብለው እስክሪብቶዎን ከፈቱ፣ ጻፉ፣ የሚቀጥለውን ቡድን ጠሩ። አራተኛው ቡድን ጥያቄዎ ሳያልቅ «ኬን! (አዎ!)» ብሎ ጮኸ፤ ለትርኢቱም እሱ አለፈ። እኔ መወልወያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርሁም። በስብሰባ መካከል የመናገር ልማድ የለኝም።

፭. ስለ ወረቀቱ።

በዚያኑ ዕለት የቤተ መጻሕፍቱን ቅርጫት ስገለብጥ የነጥብ ወረቀትዎን ረቂቅ አገኘሁት። ቆሻሻ በሚያነሣ ሰው ፊት ምስጢር መጣል መልካም አይደለም። በሰባተኛው ቡድን ስር «ሐሳብ፦ እጅግ ጥሩ፤ አቀራረብ፦ እጅግ ጥሩ፤ ተነሣሽነት፦ ዝቅተኛ፤ ውሳኔ፦ ቪትሩ» ይላል፤ ትተዋል ማለት ነው። ከጎኑም ይህ ምዘና ለሁለተኛ ደረጃው የቴክኖሎጂ ክፍል ምርጫ እንደሚላክ ተጽፏል። ድምፅዋን ከኮሪደሩ ጫፍ ለማሰማት ሦስት ሳምንት ስትጮህ የከረመችን ልጅ «ዝቅተኛ» ብሎ ለመለካት የሚያስችለው መሣሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ ቢያሳዩኝ፣ እኔም ለኮሪደሬ አንድ እገዛ ነበር።

፮. ስለ በርዎ።

ከዚያ ወዲህ በርዎን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። በመጀመሪያው፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ። በሁለተኛው፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» አሉ። በሦስተኛው «ሲስተሙ ተዘግቷል» አሉ። በእኛ ወግ ሦስተኛው እምቢታ እውነተኛ እምቢታ ነው፤ ሰው ከዚያ በኋላ አይጨቀጭቅም። እኔ ግን እዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለኖርሁ የእናንተንም ወግ ለምጃለሁ፤ በእናንተ ወግ ሦስተኛው እምቢታ የውይይቱ መክፈቻ ነው። ስለዚህ ይኸው ተከፍቷል።

ሲስተሙም አልተዘጋም። በደረጃው ግድግዳ ላይ ያለው ማስታወቂያ ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት እንደሆነ፣ ከአንድ ትምህርት ቤትም ሁለት ቡድን መሄድ እንደሚችል ይናገራል። ማስታወቂያውን በእርስዎ ትእዛዝ የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ ቴፑ አልይዝ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ስለጥፈው ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አራተኛው ቡድን መሄዱን ማንም አይነካበትም።

ኦሪያንን በተመለከተ፣ እሑድ ዕለት ወደ ዕቃ ቤቴ ስትመጣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኋት። «አይ እትዬ፣ ግድ የለም» አለች። ደግሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። «የእውነቴን ነው፣ አልከፋኝም» አለች። ሦስተኛ ስጠይቃት ባልዲው ላይ ተቀመጠችና «በጣም ፈልጌ ነበር» አለች።

ልጆቹም ሥራቸውን አልተዉም። ሣጥናቸው ላይ አንድ አዲስ ነገር ጨምረዋል፤ ከእንግዲህ አንድ ወላጅ «አይ፣ ምንም አልፈልግም» ሲል ሣጥኑ ዝም ብሎ አይመዘግብም። በትሕትና ሁለተኛ ይጠይቃል። ከዚያም ሦስተኛ ይጠይቃል። ከካርቶን የተሠራ ሣጥን ይህን መማሩ፣ ለትምህርት ቤታችን የወደፊት ተስፋ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ኮሪደሩ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት፣ በእናንተ አቆጣጠር በአሥር ሰዓት ዕረፍት፣ ንጹሕ ይሆናል፤ ዋስትናው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ጠይቀዋል፤ ያ ይቆጠርልዎታል። መጥተው ሁለተኛውን ይጠይቁ። ኦሪያን መሬት እያየች «ግድ የለም» ትላለች፤ አይደንግጡ፣ እስክሪብቶዎንም አይክፈቱ። ትንሽ ይቆዩ። ሦስተኛውን ይጠይቁና፣ ያኔ የምትልዎትን ይጻፉ።

በየጠዋቱ የማይሰማውን «ቦከር ቶቭ» ሳታቋርጥ የምትልዎ፣ እርስዎ የጣሉትን የምታነብ፣ የረገጡትን የምትወለውል፣ ረጅም ዕድሜና ጥቂት ተጨማሪ ጥያቄ የምትመኝልዎ አክባሪዎ፣

ማንጠግቦሽ ጀምበሩ
የሁለተኛው ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ፣ በባዶው መስመር ላይ ደግሞ የሰባተኛው ቡድን መሪ
ሺምሾን፣ አሽቀሎን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በትርኢቱ ዕለት በፓርኩ መቶ ሃያ ወንበር እንድደረድርልዎ በትምህርት ቤቱ ጥገና ሠራተኛ በኦሬን በኩል የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። መልሴ እምቢ ነው። ይህኛው እምቢታ ከመጀመሪያው የጸና ስለሆነ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጠይቀው እንዳይደክሙ።