የሃሊሞ ፍሪጅ

ድሬ ዳዋ፣ ገንደ ቆሬ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለቢታንያ፣

የኩዌት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ከእኛው ይብሳል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የድሬን ሚያዝያ የሚበልጥ ሙቀት አለ ብዬ በቀላሉ የምቀበል ሰው አይደለሁም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያማርራል፣ እኔም እንደ ልማዴ አልሰማውም። ሃሌሉያ ሁለት ጥርስ አውልቃለች። መስታወት ፊት ቆማ «እማዬ ስትመጣ ታውቀኛለች?» እያለች ትስቃለች፤ ሳቋ ግን እንደ ድሮው አይረዝምም፣ ትንፋሽ ያጥራታል።

ይህን ደብዳቤ ያደረሰችልሽ ኢስታር እረፍቷን ጨርሳ ነገ ወደ ኩዌት ትመለሳለች ብለውኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስንነጋገር ሃሌሉያ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ደግሞም ድምፄን አላምነውም።

መጀመሪያ ጉዴን ስሚ። አባትሽ ከድህነት ተመርቋል። አትሳቂ፣ የምስክር ወረቀቱ በፍሬም ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ያ ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚረዳው ድርጅት ምን ያህል እንደደገፈን ታውቂያለሽ። የቆርቆሮ መቀሱንና መዶሻውን ሰጥቶኝ ነው የከሰል ምድጃ እየሠራሁ መሸጥ የጀመርኩት። ሃሌሉያንም በየወሩ የልቧን መርፌ የሚያስወጋት፣ አዲስ አበባ ወስዶ ቀዶ ሕክምና ሊያስደርግላት ያስመዘገባት እሱ ነው። ጥር ላይ «ኑሯችሁን ለማየት ቤታችሁ እንመጣለን» አሉን።

ይህን ወሬ ጎረቤታችን ሃሊሞ ሰማች። እሷ ደግሞ የሰማችውን ይዛ ቁጭ የምትል ሴት አይደለችም።

«አቦ ወልዴ፣ ወላሂ ታሳፍረናለህ!» አለችኝ። «የቢሮ ሰው በርጩማ ላይ ልታስቀምጥ ነው? በዚህ ሙቀት የሞቀ ውኃ ልታጠጣ ነው?»

መልሴንም አልጠበቀች። ምንጣፏን፣ ሁለት ሶፋዋን፣ ቴሌቪዥኗን አስገባችልኝ። ሁለት ወዛደር ጠርታ ፍሪጇን ሳይቀር አስጭና አመጣችው። ያደግሽበት ሰፈር ነውና አይገርምሽም፤ እንግዳ ሲመጣ ዕቃ መዋዋስ እዚህ ነውር ሆኖ አያውቅም። ለአንቺ ክርስትና ቀን ቤታችን ውስጥ የእኛ የነበረው አንቺና እናትሽ ብቻ ናችሁ፣ ነፍሷን ይማርና።

የመጣችው ሳቢሪን የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ናት። ትሑት ልጅ ናት። ታብሌቷን ይዛ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና «አባባ፣ ፍሪጁ ይሠራል?» አለችኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እንዴታ!» ብዬ ከፍቼ ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳሁላት። ደረቴን ነፍቼ ነው የቀዳሁላት። የጎረቤት ነው ብል ሃሊሞን ያዋረድኩ መሰለኝ። እኔ እንግዳ መቀበሌ ነበር፤ እሷ ግን የምታየውን ዕቃ ሁሉ ነጥብ እየሰጠች ትመዘግብ ኖሯል።

በወሩ አዳራሽ ጠሩን። ከሁሉም ቤተሰብ በነጥብ የበለጥኩት እኔ ነኝ ተባለና ንግግር አድርግ አሉኝ። መቼም መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከባቡር ጋራዥ ዘመኔ ጀምሬ አወራሁ፣ ተጨበጨበልኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መመረቅ ማለት ከእርዳታው መውጣት መሆኑን የተረዳሁት በሳምንቱ ሃሌሉያን ለመርፌዋ ይዣት ስሄድ ነው። «ፋይላችሁ ተዘግቷል» አሉኝ። መርፌውም ቀረ፣ የአዲስ አበባው ተራም ቀረ። ሐኪሙ ደግሞ ይህ ክረምት ሳያልፍ መቀደድ አለባት ብሏል። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሦስት ቦታ ቆማ ነው የምታርፈው።

ኃላፊው ይሳቅ ጋ ሄድኩ። ዕቃው የውሰት ነው ብዬ ለመንኩት። እጁን ይዤ ሃሊሞ ቤት ድረስ ወስጄ ፍሪጁን አሳየሁት። ሃሊሞ «የእኔ ነው! ጥፋቱም የእኔ ነው፣ እኔን ስደቡኝ!» ብላ አለቀሰች። ይሳቅ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አባባ፣ አምንዎታለሁ» አለኝ። «ግን በእርስዎ ቦታ ሌላ ቤተሰብ ገብቷል። የታመመ ልጅ አላቸው። እነሱን ላስወጣቸው?»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አንድ ወር ሙሉ እንደ እብድ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። በየደጁ በትሕትና አስተናግደው በትሕትና ሸኙኝ። ያኔ ነው አቅም ማጣት ምን እንደሆነ የገባኝ፣ ልጄ።

እንግዲህ አሁን ወደማልፈልገው ደረስኩ።

ከፋሲካ በፊት ሳቢሪን አስጠራችኝ። እሷም ስታዝን ከርማለች። እናትና አባት ለሌላቸው ልጆች ብቻ የተያዘ ሌላ መዝገብ አለ፣ አንድ ቦታ ተገኝቷል፣ አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎት አለችኝ። «አባቷስ?» ስትለኝ «የለም» አልኩ። በእሱስ አልዋሸሁም፣ ወሬው ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው። ቀጥላ «እናቷስ? ኩዌት ነው ያሉት ይላል ፋይሉ» አለችኝ።

አዎ፣ ኩዌት ናት፣ ደህና ናት ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ፣ እንባዬ ወረደ። ዐረብ አገር ሄደው የሚሞቱትን ልጆች ወሬ እዚህ ያልሰማ የለም፤ ሳቢሪን የመሰላትን መሰላት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

«አላህ ይዘንላት፣ አባባ» አለችኝ።

እኔም አሜን አልኩ።

ማስረጃ እንኳ አልጠየቁኝም። ልጁን ያጣ ሽማግሌ ወረቀት አምጣ ብሎ ማስጨነቅ ከበዳቸው። ይልቅ በማግስቱ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው ለቅሶ ሊደርሱኝ ቤቴ መጡ፤ ሳቢሪን ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ ይሳቅ ጥቁር ለብሶ። ሃሊሞ ድምፅ ሰምታ ገባች። አየቻቸው፣ አየችኝ፣ ነገሩ ገባት። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ያቺ አፈኛ ሴት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያልኩ የአንቺን ለቅሶ ተቀበልኩ።

መሃል ላይ ሃሌሉያ ከትምህርት ቤት መጣች። ሳቢሪን ጥብቅ አድርጋ አቅፋ አለቀሰችባት። ከሄዱ በኋላ «አባባ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። ዘመድ ናት አልኳት። «እኔ አውቃታለሁ?» አለችኝ። ያኔ ገና ትንሽ ነበርሽ ብዬ ምድጃዬን መቀጥቀጥ ጀመርኩ።

መርፌዋን ባለፈው ሳምንት እንደገና ጀምራለች። የአዲስ አበባው ተራዋም ተመልሷል፣ ሐምሌ አጋማሽ ነው ተብሏል። እስከዚያ ሳቢሪን በየሳምንቱ ቤት እየመጣች ታያታለች። እውነቱን ሄጄ ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሃሌሉያ መንገድ ላይ ቆማ ስትተነፍስ አይቼ ተመልሻለሁ። የማንን ልጅ ቦታ እንደወሰድኩም አላውቅም፤ እናት የሌለው አንድ ልጅ የሆነ ቦታ ይጠብቅ ይሆናል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ለአንቺ ብቻ ነው።

ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ለሃሌሉያ የገዛሽውን ጫማ ሳይቀር በስልክ አሳይተሻታል። ሦስት ዓመት ሙሉ «በቃሽ፣ ነይ» ስልሽ የኖርኩ እኔው ነኝ። ልትቆጪኝ መብትሽ ነው፣ ብትረግሚኝም አልፈርድብሽም። ልጅሽ ቀዶ ሕክምና ስትገባ እጇን የምትይዘው አንቺ ብትሆኚ እንዴት ደስ ባለኝ። ግን ያኔ የምይዘው እኔ ነኝ።

በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ስምሽን ከሕያዋን ጋር እጠራለሁ። ቀስ ብዬ አይደለም፣ እግዚአብሔር ከሰው ወሬ እንዳይሳሳት ጮክ ብዬ ነው። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከክፉ ሰው እጅ ይሰውርሽ፣ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ልጄ፣ እባክሽ በሰኔ አትምጪ።

አባትሽ
ወልደማርያም