የእህትህ አለንጋ

የሆዴ ልጅ፣ ፈጣሪ ፊቱን አያዙርብህ። እኛ አለን፤ ጣሪያው ግን አባትህ ጠገንኩት ካለ ወዲህ ብሶበታል።

ጭንቄ የእህትህ ነገር ነው። ፈረስ ላይ ተቀምጣ በስልት የማስረገጥ ትምህርቷን ታውቃለህ። ሌላው ጋላቢ ፈረሱን ጎኑን በእግሩ እየነካ ይመራዋል፤ እሷ ግን እግሯ ስለማይታዘዝላት በአለንጋ ጫፍ ነካ እያደረገች ነበር የምትመራው፤ አለንጋውንም "እግሬ" ትለው ነበር። ያ ፈረስ ሞተ። አዲሱ የምትመታው እየመሰለው ይበረግጋል፤ ደጋግሞ ጣላት። አሠልጣኟም "በቃ፣ ይቅርብሽ" አላት።

እያየችው እንዳታለቅስ ብዬ አለንጋውን ደበቅሁት። ዛሬ ጠዋት "እማዬ፣ እግሬን የት አደረግሽው?" አለችኝ። መልሼ ብሰጣትስ ምን ታደርግበታለች?

እባክህ ደውልላት። "አይዞሽ" ግን አትበላት፤ እሱን ከእኛ እየሰማች ሰልችቷታል። ልጄ፣ ያንተን እግር እንኳ እንቅፋት አይምታብኝ።