የአቶ መዝገቡ ደግፌ የሕይወት ታሪክ፦ አየርና ቤንዚን ሲያስማሙ የኖሩት መካኒክ

አቶ መዝገቡ ደግፌ ከአባታቸው ከአቶ ደግፌ መሸሻ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋነሽ ኪዳን በመጋቢት 1955 ዓ.ም. በኮልፌ 18 ማዞሪያ ተወለዱ። አባታቸው ያገለገለ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ስለነበሩ ልጅነታቸው በብሎንና በካንዴላ መካከል አለፈ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በመካኒክነት ሠልጥነው በ1984 ዓ.ም. እዚያው ሰፈር ጋራዥ ከፈቱ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለም ታዲዮስ ጋር ትዳር መሥርተው ሄቨንን እና ርሆቦትን አፍርተዋል።

አቶ መዝገቡ ተረጋግተው ምሳ ሲበሉ ያየ ሰው ጥቂት ነው። በደጅ የምታልፍ መኪና ድምፅዋ ካልጣማቸው ከገበታ ተነሥተው ይከተሏት ነበር። ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትተው ሲያዩ፣ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከነጣ አየር በዝቶበታል፤ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ተስማምቷል ይሉ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ጓደኛቸው አቶ ቀነኒሳ ሀብተማርያም አዳማ ላይ የተወዳደሩባትን ቀይ መኪና ያዘጋጁት እርሳቸው ነበሩ። ሞተሯ ኮልፌ ላይ እንከን አልነበረባትም። አዳማ ግን ዝቅ ያለ አገር ነው፤ አየሩ ይወፍራል። በኮልፌ አየር የተመጠነው ቤንዚን አነሰና ሞተሯ ከልክ በላይ ግላ በሦስተኛው ዙር ነደደች። የአቶ ቀነኒሳ ግራ እጅ ተቃጠለ። አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ የውድድር መኪና መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጡም። አቶ መዝገቡን ያላስቀመጣቸው ይህ ነበር።

ቀይዋን መኪና እንደገና ሠርተው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ይወጡባት፣ ሞጆ ይወርዱባት ነበር። መንገድ ዳር ቆመው ካንዴላ ይፈታሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ። አቶ ቀነኒሳ “አንተ ሰውዬ፣ እኔኮ ረስቼዋለሁ” ሲሏቸው “እኔ አልረሳሁትም” ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም ዘነበወርቅ አካባቢ ሆስፒታል ሲተኙም እግራቸው አላረፈም፤ ብርድ ልብሱን እንደ ነዳጅ መስጫ ይረግጡት ነበር። ዘንድሮ በጥቅምት መጨረሻ አቶ ቀነኒሳ ለማንም ሳይናገሩ ቀይዋን መኪና አዳማ ነድተው ተመለሱ፤ ካንዴላዋንም በመሐረብ ጠቅልለው አመጡላቸው። አቶ መዝገቡ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ትንሽ ይቀራታል” አሉ። “ግን አንተን በሰላም ትመልስሃለች።”

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውና ከወንድም የማይለዩት ጓደኛቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

በምድር ሳሉ መቀመጥ ያልሆነላቸውን አባት እግዚአብሔር በቤቱ ያሳርፍልን።