አባባ በጣታቸው ያወቁት የዶልፊን ጀርባ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙጃሂድ፣ ባለህበት ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሞ መሄድ ደህንነት ከሆነ ደህና ነን። እኔ ግን ደክሞኛል። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የላክኸው እሽግ ደርሷል። ሾፌሩ አዳነ መርሳ ሳያደርስ ወልድያ ላይ ስላወረደው፣ እሱን ላመጣ ሚኒባስ ስጠብቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እማዬ ቴምር መስሏት ቀድማ ፈታችው። ከምትሠራበት የባሕር እንስሳት ማጥኛ ቤት በጄሶ የቀረጽኻቸው ስድስት የጀርባ አጥንቶች ሲወጡ፣ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ከሁለት ወር በፊት ወንድሙ የሚባለው የመናኸሪያው ጫኝ ወገቤን ያዘኝ ብሎ አባባ ዘንድ መጣ። ቀኑ ጁምዓ ነበር፣ ሶላት ሊያመልጣቸው ነው። አባባ በወጌሻነታቸው ደረቅ ጀርባ እንደማይወዱ ታውቃለህ፤ የደረቀ ሁሉ መላላት አለበት ባይ ናቸው። ቶሎ ቶሎ በቅቤ አሽተው፣ በጉልበታቸው ተጭነው ሳቡት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኼ ግን የሚለቀም አልሆነም። የወንድሙ ግራ እግር ደነዘዘ። ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አባባ ሸክሙ ነው የጎዳው አሉ። ሰው ሲመጣ እንደ ድሮው ጀርባ ያሻሉ። እኔ ቅቤውን እየደበቅሁ፣ በር ላይ ቆሜ ዛሬ አሟቸዋል እያልኩ ስንቱን መለስኩ። የወንድሙን ሚስት በላይነሽን ገበያ ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

የአባባ ዓይን እንደሆነ ደክሟል። ምን እንደሆኑ ሳልነግራቸው አጥንቶቹን እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ሦስቱን ጠፍጣፎች ደራረቧቸው፣ ሦስቱን ረጃጅሞች አገጣጠሟቸው። ዙሪያቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ እኒህ ጠፍጣፎቹ ፊታቸው ሰፊ ነው፣ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ጀርባው አይተጣጠፍም፤ የረጃጅሞቹ ባለቤት ግን እንደ ልቡ ይታጠፋል አሉኝ። አብሮ የመጣውን ደብዳቤህን ያነበብኩላቸው ከዚህ በኋላ ነው። ረጃጅሞቹ ከባሕር ዳርቻ የማይርቀው፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጠማዘዘ የሚያድነው ዶልፊን አጥንት መሆናቸውን፤ ጠፍጣፎቹ የሰፊው ባሕር ዶልፊን አጥንት መሆናቸውን፣ አጥንቱ ብዙና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጀርባው ሳይወላገድ ጭራውን ሽቅብ ቁልቁል እየመታ ሩቅ መንገድ በፍጥነት እንደሚዋኝ ጽፈህ ነበር።

አባባ ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። ታዲያ የሚሮጠው በግትርነቱ ነው እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉና፣ ወንድሙም ኩንታል የተሸከመው በግትር ጀርባው ነበር፣ አላህ ያጠበቀውን እኔ ፈታሁት አሉ። አርባ ዓመት ሲያሹ ተሳሳትኩ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ እጃቸውን ይዤ ወንድሙ ቤት ወሰድኳቸው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አሉት። በላይነሽ ወንበር ሰጠችን፤ አባባም ይዘን የሄድነውን ጠፍጣፋ አጥንት ሰጥተው የዶልፊኑን ነገር ነገሩት። ወንድሙ አጥንቱን አገላበጠና፣ ይኼ እንስሳ ጀርባው ቢጎዳ ዳግመኛ ይዋኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። አባባም ልጄ ያውቃል፣ እጠይቅልሃለሁ አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባ አልነኩም፤ የሚያዩት የተወለቀ እጅና እግር ብቻ ነው።

እማዬ ግንባርህን ስማለች፣ ቴምሩን አልረሳችም። ታናሻችን ሁሪያ በጣም ናፍቀኸኛል ብላለች። ጎረቤታችን ገነትም ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባ ዱዓቸው ካንተ ጋር ነው፤ ለጥያቄው እውነቱን ይጻፍ ብለዋል። እኔ ግን እለምንሃለሁ፣ እርግጡን ባታውቀውም እንኳ ይዋኛል ብለህ ጻፍ። መልስህን ፊቱን እያየሁ ለወንድሙ የማነብለት እኔ ነኝ።

እህትህ ዓቢዳ
መርሳ፣ ሐብሩ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.