ከመንገዱ በስተግራ የጮኸው ወፍ

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ሉንሳ፦

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ መቆሙ ወገብሽን አላባሰብሽም? ልጅሽ ማያንግስ ጆሆርን ለመደችው? እኛ በአካል ደኅና ነን፤ ብቻ ደክሞናል።

ማያንግ «አያቴ ድምፁን የሚሰማው ወፍ ምን ይመስላል?» ብላ ለጠየቀችው መልሱ ይህ ነው። ስሙ «ከቱፖንግ» ነው፤ ከግንደ ቆርቁሮቻችን ሁሉ ትንሹ ሲሆን ርዝመቱ ከመሐል ጣቴ እምብዛም አይበልጥም። ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ የሸክላ መልክ ያለው ነው፤ ዓይኑን ቀይ ቆዳ ይከብበዋል። ጭራው የተቆረጠ ይመስላል፤ የእግሩም ጣቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ትልቅ ዛፍ አይወድም፤ ቀጭን ቀርከሃ ላይ ተንጠልጥሎ ጉንዳን ይለቅማል፤ ባዶውን ቀርከሃ ሲመታው ድምፁ ከአካሉ ይገዝፋል። እንዲህ አንሶም መልእክቱን በድምፃቸው ከሚያደርሱልን ከአምላካችን አማቾች፣ ከወፎቹ፣ ታላቁ እርሱ መሆኑን አንቺው ንገሪያት።

አሁን ልጽፈው ወደከበደኝ ነገር ልለፍ። ባለፈው ወር፣ ለጥናቴ ወፍ በምቆጥርበት ጠዋት፣ ወደ እርሻው ከሚወስደው መንገድ በስተግራ ካለው ቀርከሃ ውስጥ ሆኜ የተቀዳውን የከቱፖንግ ድምፅ በማጫወቻዬ ሦስት ጊዜ አሰማሁ፤ ወፉ እንዲቀርብልኝ ነበር። ቀርቦም መለሰልኝ። ዕለቱ የተመነጠረው ኮረብታ የሚቃጠልበት መሆኑን ዐውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከቀትር በፊት ማንም አይወጣም ብዬ ገመትሁ እንጂ አልጠየቅሁም። አባባ ችቦውን ይዞ ከፊት ሲመጣ ድምፁን በግራው ሰማና ሰዉን ሁሉ ይዞ ተመለሰ። በግራ ከጮኸ ሦስት ቀን እሳት አይለኮስም።

የዚያን ዕለት ማታ ከጎረቤቶቻችን ጋር በምንጋራው ረጅም በረንዳ ላይ ማጫወቻውን አውጥቼ እውነቱን ተናገርሁ። ሽማግሌው በላዮንግ «በሉ እንግዲህ፣ የአምላክ አማች በባትሪ ድንጋይ መናገር ጀመረ!» ብለው ሳቁ። ጎረቤታችን እንዱንም «አንተ፣ ስንት ዓመት ተምረህ የወፉን ሥራ ቀማኸው?» አለችኝ። አባባ አልሳቀም። «እኔ የሰማሁት ሣጥንህን መሆኑን ትምላለህ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ብምልለት በማግስቱ ያቃጥሉ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ግን የማጫወቻውና የወፉ ድምፅ የተመዘገቡት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ የትኛው ከጆሮው እንደደረሰ ማረጋገጥ አልቻልሁም። አላውቅም አልሁት። «እንግዲያው ሦስቱ ቀን ይቆጠር» አለ።

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ገባ፤ እስከ ዛሬም አላባራም። ምንጣሮው ረጥቦ በላዩ አረም በቅሎበታል፤ ዘንድሮ የኮረብታው ሩዝ የለም፤ ያለን የረግረጉ ቁራሽ መሬት ብቻ ነው። እማማ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ የሩዙን መስፈሪያ ግን በትንሿ ቆርቆሮ ለውጣዋለች። እኔም ብምል ኖሮ እያልሁ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ የምመልሰው ያንኑ ነው፤ ይህም አያሳርፈኝም።

እማማ ዓይንሽን ለማየት ትጓጓለች፤ ማያንግንም ሳሚልኝ ብላለች። በላዮንግና እንዱን ሰላም ይሉሻል። አባባም ሰላምታውን ልኮልሻል፤ ይህንኑ ሲነግረኝ ከቀርከሃው በኩል ያው ድምፅ ተሰማ። አባባ ወደ ጫካው አላየም፤ አስቀድሞ እጆቼን ነበር ያየው። ባዶ ነበሩ።

አክባሪ ወንድምሽ
ሳወንግ

ሳራዋክ፣ ከወንዙ ራስጌ ከቤታችን
ሴፕቴምበር 19 ቀን 2017